የደረቀ ኢፖክሲን ከኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ስለ ማላቀቅ

በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ትንሽ መብራት ለብዙዎቻችን የጥርባ ተማሪዎች የማታ ጓደኛ ነው። በተበላሸ ጊዜ ግን ሲከፍቱት፥ ውስጡ እንደ ድንጋይ በጠጠረ ሙጫ ተሸፍኖ ይገኛል። እኔም ባለፈው ክረምት የቤታችንን መብራት እጠግናለሁ ብዬ ሙጫውን በካራ ስፈለፍል፥ ደኅናውን ሽቦ በጠስኩት። ታናናሾቼም ብዙ ሌሊት በኩራዝ አነበቡ። ከስሕተቴ የተማርኩት እነሆ።

ይህ ሙጫ ኢፖክሲ ይባላል። ሠሪዎቹ የሚያፈሱበት እርጥበትና ንቅናቄ ዕቃውን እንዳይጎዳው ነው። ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ እርስ በርሳቸው ተሳስረው ይጠጥራሉ። ሰም ቢሞቅ ይቀልጣል፤ ኢፖክሲ ግን እንደ እንጀራ ነው፤ አንዴ ከተጋገረ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። አሴቶንም ቢሆን ያልደረቀውን ያጥባል እንጂ የደረቀውን አያሟሟውም።

ይሁን እንጂ ሙቀት ያለሰልሰዋል። ያለ እሳት የደረቀው ብዙው ዓይነት ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ እንደ ወፍራም ቆዳ ይሆናል። እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ብየዳ ግን የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ገደማ ነው። መላው ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው፦

1ኛ/ ብልሽቱ ከሙጫው ውጭ ባለው ማብሪያ ወይም ሽቦ ላይ እንዳይሆን አስቀድሞ መመርመር።

2ኛ/ ባትሪውን ማውጣት፤ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላልና።

3ኛ/ ስልክ ጠጋኞች በሚገለገሉበት ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ ጥቂት ቦታ ብቻ እያሞቁ፥ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ማንሣት። ብዙ ካፓሲተሮች 85 ወይም 105 ዲግሪ የሚል ተጽፎባቸዋልና፥ በእነርሱ አጠገብ ሙቀቱን ማሳጠር ይገባል።

4ኛ/ መነጽርና ጓንት አድርጎ፥ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ መሥራት። ሙጫው ከጠቆረ ወይም ከጨሰ ወዲያው ማቆም፤ ጢሱ ሳንባን ይጎዳል።

5ኛ/ በጥቁር የሙጫ ነጠብጣብ የተሸፈነውን ቺፕ አለመንካት። ከሥሩ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ስላሉ ከሙጫው ጋር ይነቀላሉ።

በላቦራቶሪ ያሉ ባለሙያዎች ኢፖክሲን በናይትሪክ አሲድ ያስለቅቃሉ። እርሱ ግን ሥጋን ያቃጥላል፥ እንፋሎቱም መርዝ ነው፤ ስለዚህ እኛ ፈጽሞ አንሞክረው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህ ሥራ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እኔ ግን የበጠስኩትን ሽቦ መልሼ ለመልቀም እንኳ አልቻልኩም።