የፊልም ድጋፍ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ፊልም ገበያ ሳይወጣ ወጪው የሚያልቅ ሸቀጥ ነው። መያዣ የሌለው ፊልም ሠሪ ከባንክ ብድር አያገኝም። ብዙ አገሮች የፊልም ድጋፍ ተቋም ያቆሙት ለዚሁ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፈረንሳይ ብሔራዊ የሲኒማ ማዕከል፣ ከሲኒማ ትኬት ቀረጥ ሰብስቦ ለቀጣዩ ፊልም ሥራ መልሶ ያከፋፍላል። ተመልካቹ የከፈለው ለሠሪው ይመለሳል ማለት ነው።

በእኛ አገር በ1986 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን «አስቴር»ን የመሳሰሉ ፊልሞች ሠርቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ። የፊልም ፖሊሲ የጸደቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ የግሉ ፊልም ሠሪ ከኪሱ ሲሠራ፣ ትላልቆቹ ሥራዎች የውጭ ሸሪክ ፈለጉ። በጎንደር ተራሮች ተቀርጾ በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የፈረንሳይና የጀርመን ኩባንያዎች ተጣምረውበታል።

ጉዳዩ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ነጋዴም ሩቅ አይደለም። ቀረጻ ወደ ጉና ተራራ ቢመጣ ባለሆቴሉ፣ ባለመኪናውና ባለበቅሎው የዕለት ገቢ ያገኛሉ፤ የትኬቱ ትርፍ ግን ድርሻ ያዋጣው ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ሊያውል ያሰበ ባለሀብት ከታሪኩ አስቀድሞ «ሌላው ገንዘብ የማን ነው? ከገቢውስ ቀድሞ የሚነሣው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።