የልጆቻችን ደጋንና ቀስት፦ ጨዋታው ይቻላል፣ ግን በሕግ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ምዝገባ ወይም ስለ መታወቂያ አይደለም፤ ስለ ልጆቻችን ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስላልኩ ግን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጉዳዩ የዓይን ጉዳይ ነው።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ሐርጌሳ ማሕሙድ ሃይቤ በምንኖርበት ግቢ፣ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ጦርነት ይጫወቱ ነበር። የእኛም የጎረቤቶቻችን የሶማሌዎቹም ልጆች አንድ ላይ ናቸው። በቴሌቪዥን የሚያዩትን የጥንት ጦረኞች ድራማ መድገማቸው ነው። ደጋኑን ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ፣ አውታሩን ከናይለን ገመድ፣ ቀስቱን ከቀጭን እንጨት ሠርተውታል። የእህቴ ልጅ ገና 12 ዓመቱ ነው፤ "እንዲሰካ" ብሎ የቀስቱ ጫፍ ላይ ምስማር አስሮበታል። ለቀቀው። ጓደኛውን ስቶ ግንቡ ላይ የተቀመጠውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሳው። ውሃው መንዠቅዠቅ ጀመረ። ጀሪካኑ የተቀመጠበት ከፍታ ልክ የአንድ ልጅ ፊት የሚደርስበት ነው።

ጎረቤታችን፣ ሁላችንም "ኤዶ" የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ ጀሪካኑን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። "ውሃስ ይገዛል፤ ዓይን ከየት ይገዛል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሁሉንም ሰባብሮ እሳት ውስጥ መክተት ነበር። ግን ብሰብረው ነገ ሌላ ይሠራሉ፤ ያውም ከእኔ ተደብቀው። ስለዚህ ይህን ጨዋታ በቁም ነገር የያዙት ሰዎች ሳይጎዳዱ እንዴት እንደሚጫወቱት ላስረዳችሁ።

አዋቂዎቹ እንዴት ይጫወቱታል?

በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ በምትባል ከተማ፣ በፈረንጆቹ 1966 የተጀመረ "ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም" የሚባል ማኅበር አለ። አባላቱ የድሮውን ዘመን የአውሮፓ ልብስና የጦር ትጥቅ ለብሰው ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ። ሰይፍ አለ፣ ጋሻ አለ፣ ቀስትም አለ። እርስ በርስ ይወራወራሉ፤ ግን እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ደንባቸውን ሳየው አራት ነገር ላይ የቆመ ሆኖ አገኘሁት።

አንደኛ፣ ደጋኑ ደካማ ነው። ሰው ላይ የሚወረወርበት ደጋን 71 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሳብ ጉልበቱ ከ13.6 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ በእምነት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ በሚዛን ይለካል።

ሁለተኛ፣ የቀስቱ ጫፍ ዱልዱም ነው። የሚመታው ክፍል ስፋቱ ቢያንስ 32 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያደርጉታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠባብ ጫፍ በራስ ቁሩ ፍርግርግ ቀዳዳ ገብቶ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል፣ ሰፊው ግን ፍርግርጉ ላይ ይቆማል። ብልሃቱ በዚህ አያበቃም። የቀስቱ የኋላ ጫፍም ይደነዝዛል፤ ቀስት ነጥሮ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ሜዳው ውስጥ የገባ ሁሉ የብረት የራስ ቁር ያደርጋል፤ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ነው። ቀጭን ዘንግ ያለው ቀስት ሲወረወር ደግሞ ፍርግርጉ ላይ ወንፊት መሰል ብረት ይጨመራል። ዘንጉ ቢሰበር ስንጥሩ በቀዳዳው እንዳይገባ ነው።

አራተኛ፣ ዳኛ አለ። ዳኛው ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው አደጋ ካየ "ቁም!" ብሎ መጮኽ ይችላል። ያን ጊዜ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ማን ያሸንፍ ነበር የሚል ክርክር የለም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ አራቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍኑ ናቸው። ጫፉ ተፈትቶ ቢወድቅ የራስ ቁሩ ያድናል። የራስ ቁሩ ቢወልቅ "ቁም" የሚለው ድምፅ ያድናል። የእኛ ልጆች ግቢ ውስጥ ግን ከአራቱ አንዱም አልነበረም።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚያ ማኅበር ውስጥ ገንዘብ አለኝ፣ ደጋን ገዝቻለሁ ብሎ ሜዳ መግባት አይቻልም። መጀመሪያ ሰውየው ደንቡን ማወቁ ይጠየቃል። ከዚያ ዕቃው አንድ በአንድ ይታያል፤ ደጋኑ ስንጥቅ አለው ወይ? አውታሩ ተበልቷል ወይ? የእያንዳንዱ ቀስት ጫፍ ጠብቋል ወይ? በመጨረሻ ልምድ ባላቸው ሰዎች ፊት ሲጫወት ይታያል። የሚፈተነው ዒላማ መምታቱን ብቻ አይደለም። ሲቆጣ ምን ይሆናል? "ቁም" ሲባል ይሰማል? የሚለው ይበልጣል። ካለፈ ፈቃዱ ይጻፍለታል፤ ፈቃዱ ዘላለማዊ አይደለም፣ ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ደግሞ ወላጁ ሳይፈቅድለት አይገባም።

ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው የሚል ካለ ጉግስን ያስታውስ። በጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ፈረሰኞቹ ሲፋለሙ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እያባረረ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ጀርባውን ይከልላል። የሚወረወረው ግን ጦር አይደለም፤ ዘንግ ነው። አባቶቻችን ብረቱን ከእንጨቱ የለዩት ፈሪ ስለነበሩ አይደለም። ከበዓሉ በኋላ አብረው ወደ ቤት መመለስ ስለፈለጉ ነው። በአዊም ብንሄድ የአገው ፈረሰኞች በ1932 ዓ.ም. በተመሠረተ ማኅበር ተደራጅተው በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። የጦር ሜዳ ጥበብ በሰላም ጊዜ የሚቆየው እንዲህ ባለቤት ሲኖረው ነው።

እንግዲህ እኛስ?

እኛ ግቢ የራስ ቁር የለም፤ የሚገዛበት ገንዘብም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጋችን አንድ ነው፦ ሰው ላይ አይወረወርም፤ በቃ። ጫፉን ጨርቅ ጠቀለልኩበት ማለት አያድንም፤ ጨርቅ ይፈታል። የፀሐይ መነጽርም አያድንም፤ ራሱ ተሰብሮ ዓይን ውስጥ ይገባል። እንስሳ ላይም፣ ወደ ሰማይም አይወረወርም፤ ወደ ላይ የሄደ የት እንደሚወርድ ማን ያውቃል?

ዒላማ ግን ይቻላል። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አሮጌ ልብስ ጠቅጥቀን፣ ሰው የማያልፍበት ግንብ ሥር አቆምነው። በር ወይም መንገድ ከኋላው የለም። ምስማር ተከለከለ። ፀሐይ የበላው የፕላስቲክ ቧንቧ ሲለጠጥ ፊት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ደጋኑን ከሚታጠፍ እርጥብ እንጨት እንዲሠሩት አደረግን። ቀስት ሳይኖርበት አውታሩን ስቦ መልቀቅም ክልክል ነው፤ ጉልበቱ ወደ ደጋኑ ተመልሶ ይሰብረዋል።

ለትእዛዝ ፊሽካ እንጠቀማለን። ከ1931 ጀምሮ ያለው ዓለም አቀፉ የቀስት ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ዎርልድ አርቸሪ፣ የሚሠራበት ነው፦ ሁለት ጊዜ ሲነፋ ወደ መስመሩ ቅረቡ፣ አንድ ጊዜ ወርውሩ፣ ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ቀስታችሁን ሰብስቡ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ አለ ቁሙ ማለት ነው። ሦስቱ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም ከመስመሩ አያልፍም፣ ቀስቱ አጠገቡ ቢወድቅም እንኳ። ልጆች ቀስታቸውን ለማንሳት ሲሮጡ ሊጎዱ ይችላሉና ይህቺን አጥብቁ።

ሌላም ፈቃድ አለ፤ የአገር ሰው ፈቃድ። እኛ እዚህ እንግዶች ነን። ለእኛ መጫወቻ የሆነው ነገር ከሩቅ ለሚያይ ሰው መሣሪያ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ለቤቱ ባለቤትና ለጎረቤቶች ቀድመን ነገርናቸው። ደጋን ይዞ ከግቢ መውጣት የለም፤ ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ትልቅ ሰው ይቆልፍበታል። ከበዛ ልጅ ጋር ወደ ሜዳ መውጣት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የሰፈሩን ሽማግሌዎች አማክሩ። በኋላ ይቅርታ ከመጠየቅ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይሻላል።

ክፉውን ያርቅልንና፣ ዓይን ቢመታ

የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉት። ዓይኑን አትሹት፣ አትጫኑት። የተወጋ ዓይን በውሃም አይታጠብም፣ ቅባትም አይደረግበትም። የወረቀት ኩባያ ወይም እንደሱ ያለ ነገር፣ ዓይኑንም የተሰካውንም ሳይነካ ከላይ ከልሉበትና ልጁን አረጋግታችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። "ደም የለውም፣ ነገ ይሻለዋል" ብላችሁ አታሳድሩት። ጓደኞቹ እንዳይደብቁም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ልጅ ቅጣት ፈርቶ ዝም ካለ ዓይን በዚያው ይጠፋል።

እኔ ለግቢያችን ልጆች ከካርቶን ትንሽ የፈቃድ ካርድ ቆርጬላቸዋለሁ። ፈተናውን ያላለፈ ደጋን አይነካም። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ወደቀ። አውታሩን ስቦ ሳለ አምስት ጊዜ ነፋሁ፤ እሱ ግን "ስቤው ነበር እኮ!" ብሎ ለቀቀው። አለቀሰ፣ ካርዱን ግን አልሰጠሁትም። በማግስቱ ስነፋ አውታሩን ቀስ አድርጎ መለሰና ቀስቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ኤዶ በራቸው ላይ ሆነው ያዩ ነበር። "ለዚህስ ስጠው" አሉኝ። ሰጠሁት።