ነጭ ነጠብጣቡ ሲጠፋ

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በቤቴ አኳሪየም ያሉ ዓሦች ጨው የተነሰነሰባቸው መስለው በነጭ ነጠብጣብ ተሸፈኑ። መድኃኒት በውኃው ጨመርሁ፤ ነጠብጣቡ በጠፋ ማግሥት ሕክምናውን አቋረጥሁ። በሳምንቱ በሽታው ብሶ ተመለሰ፤ አብዛኞቹም ሞቱ።

የበሽታው መንሥኤ ኢክትዮፍቲሪየስ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በዓሣው ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒቱ አይደርስበትም። ሲጎለምስ ከዓሣው ወርዶ በጠጠሩ ላይ ሽፋን ያበጃል፤ በውስጡም ተከፋፍሎ በመቶዎች የሚቈጠሩ ጥቃቅን ተሕዋስያንን ይለቅቃል። መድኃኒቱ የሚገድላቸው እነዚህ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ነው። እኔ ግን መዳን ብዬ ያየሁት የጥገኛውን ወደ ጠጠር መውረድ ነበር። ዑደቱ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይረዝማል። ስለዚህ ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም ሕክምናው ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዑደት ይቀጥል።