ባራኪ የማይጠይቅ ማዕድ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ድግስ ላበስል ስጠራ፣ ደጋሹ ከእንግዶቹ ብዛት አስቀድሞ የሚያነሣው ጉዳይ የሥጋው ነገር ነው። በወሎ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ አማቹም ሳይቀር ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ወገን ነው። ስለዚህ ሁለት ሙክት፣ ሁለት ባራኪ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ጠረጴዛ ይሰናዳል። የኖርንበት ሥርዓት ነውና ማንም አይከፋም። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ መሰናዶ መካከል ሁሉም ከአንድ ትሪ የሚያነሣው ሥጋ ሁልጊዜ ይጎድለኛል።

ያ ሥጋ ዓሣ ነው። ዓሣ አይታረድም። በእስልምና ያለ ዕርድ ሐላል ነው፤ ክርስቲያኑም በማን እጅ ተያዘ ብሎ አይጠይቅም። ሽሮና ምስርም ሁላችንን ያገናኛሉ፤ ለሠርግ እንግዳ ግን «ሥጋ በላሁ» አያሰኙም።

ይህን ለደጋሾች ስነግራቸው ብዙዎቹ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። «ይሸታል» ይላሉ። እነሱ የቀመሱት በእርግጥ ይሸት ነበር፤ ያደረ ዓሣ ነበርና። ከውኃ በወጣበት ቀን የተበላ ዓሣ ግን እንዲህ ያለ ሽታ የለውም። ስለዚህ ዓሣ አልወድም ለሚለኝ ሰው ከምግብ አሠራር በፊት የምመክረው ጉዞ ነው፤ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሐይቅ ከተማ ምሳ እንዲበላ። ሰው ሐይቅን የሚያውቀው በእስጢፋኖስ ገዳም፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት ነው። ውኃው ግን ለኩሽናችንም ባለውለታ ነው። ማታ የተጣለው መረብ ማለዳ ይነሣል፤ ያ ዓሣ ምሳ ሰዓት ላይ ገበታ ላይ ነው።

ዓሣው የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። በረዶ ሳይደረግበት በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ደሴ ይገባል። ደሴ ብርድ ስለሆነች ትንሽ ትታገሠዋለች። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ሙቀቱ ይጨርሰዋል። ኮምቦልቻ ላይ በረዶ ያልነካውን ዓሣ አልገዛም። ሙሉውን እንጂ ተገፎ የመጣውንም አልወስድም። ሙሉው ዓሣ ራሱ ይናገራል፤ ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ በጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ሲገልጡት ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። የተገፈፈው ሥጋ ይህን ሁሉ ምልክት አጥቷል።

የባሕር ዓሣስ? ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚታጠፍባት ከተማ ናት። ዛሬ ከባሕር የሚደርሰን ግን በአብዛኛው በቆርቆሮ የታሸገ ቱናና ሳርዲን ነው። ለችኮላ ቀን ይጠቅማል። የዓሣን ጣዕም ሊማር ለተነሣ ሰው ግን መጀመሪያው ሊሆን አይገባም።

ከሐይቅ የሚወጡት በዋናነት ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ናቸው። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የተጨመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ነው። አያቶቻችን የሐይቅ ቆሮሶ አሠራር ሊያወርሱን አይችሉም ነበር ማለት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚደርሰው ዓሣ በአማካይ 1 ኪሎ አይሞላም፤ የዓለም አማካይ ወደ 20 ኪሎ ነው። እጃችን ያልለመደው፣ ገና እየተማርነው ያለ ምግብ ነው፤ እኔም በዚህ እጓጓለሁ።

ለጀማሪ ሙሉ ጥብስ አላቀርብም። ከነጭንቅላቱ ሲያየው ይሸሻል፤ አጥንቱም ያስፈራዋል። መጀመሪያ አጥንቱ የወጣ ቆሮሶ በዱቄት ተለውሶ ኮተሌት ይሆንለታል፤ ሎሚና ዳጣ ከጎኑ። ቀጥሎ ጉላሽ፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከለመደው ወጥ ጋር ያቀራርቡታል። ዱለቱን በቃሪያ ሲወድ ሙሉውን ጥብስ ራሱ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ከጀርባ ጀምሮ ሥጋውን ከአጥንቱ እንዴት እንደሚለይ አሳየዋለሁ። ካርፕ ሥጋው ውስጥ የተሰገሰጉ ቀጫጭን አጥንቶች ስላሉት ለልጆች አልሰጥም።

ለጋራ ትሪ ቆሮሶን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ምክንያት የማይበሉት ክርስቲያኖች አሉ። በጾምም ቢሆን ዓሣ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ደጋሹን ሳልጠይቅ አላቀርብም። ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ግን ለመጥበሻው ነው። የአንዱ ወገን ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ዓሣው ከገባ ለጋራ ማዕድ አይሆንም። ስለዚህ ለዓሣ ብቻ የሚሆን መጥበሻ፣ ዘይትና ቢላዋ ለይቼ አኖራለሁ፤ ለእንግዶቹም ከመቅረቡ በፊት እነግራቸዋለሁ።

የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ መውጫ የሌለው ውኃ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ እንቁላል ያልጣለችውን ጫጩት ሁሉ ይጠርጋል። ከመዳፍ የምታንስ ቆሮሶ በርካሽ ስትቀርብልኝ እመልሳለሁ፤ ባልደረቦቼም እንዲመልሱ እለምናለሁ። ድግስ ያሰባችሁም የምትፈልጉትን መጠን ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ለአስጋሪው ንገሩት፤ ለትልልቆቹ የሚሆነውን መረብ እንዲጥልና በረዶ እንዲያዘጋጅ ጊዜ ያገኛል።