ማጥፊያ ያልነበረው የመኪና ኤሲ

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ መጀመሪያዎቹ የመኪና ኤሲዎች ነው።

ከነኤሲዋ ለገዢ የቀረበችው የመጀመሪያዋ መኪና ፓካርድ ትባላለች፤ የአሜሪካ መኪና ናት። ይህ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ነው። ኤሲ የፈለገ ሰው በመኪናዋ ዋጋ ላይ 274 ዶላር ይጨምር ነበር። ለዚያ ጊዜ ብዙ ብር ነው።

ኤሲ እንዴት ይሠራል? ብዙ ልጆች ቅዝቃዜ የሚፈጥር ይመስላቸዋል። ሥራው ግን ሙቀት ተሸክሞ ማውጣት ነው። መርፌ ልንወጋ ስንል ነርሷ ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርገው ይቀዘቅዘን የለ? አልኮሉ ሲተን የቆዳችንን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ኤሲ ውስጥም በቱቦ የሚዞር ፈሳሽ አለ። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ጋ ሲደርስ ይተንና የውስጡን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ በሞተሩ ጉልበት የሚዞረው ኮምፕረሰር ጋዙን ይጨምቀዋል። ጋዙ ከፊት ራዲያተሩ አጠገብ ሲደርስ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። የሱቅ ፍሪጅ ከጀርባው የሚሞቀውም ለዚሁ ነው (ሽቦ ስላለው ግን አትነካኩት)።

የፓካርዷ ችግር ማጥፊያው ላይ ነው። ሞተሩ ከተነሳ ኮምፕረሰሩም አብሮ ይዞራል፤ ከውስጥ ሆኖ ማስቆም አይቻልም። ብርዱ ሲመጣ ሞተር ማጥፋት፣ ወርዶ ኮፈን መክፈት፣ ከዚያ ቺንጋውን ማውለቅ ነው! ሱፍ የለበሰ ሀብታም እጁ ግራሶ በግራሶ ሲሆን አስቡት። ቺንጋው ካልወለቀ ደግሞ በብርድም ቢሆን ኮምፕረሰሩ ቤንዚን ያስበላል። ማቀዝቀዣው ራሱ ከኋላ ወንበር ጀርባ ስለተቀመጠ የዕቃ መጫኛውን ግማሽ ያህል ይዞታል። ፓካርድ እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ነገሩን ተወው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ናሽ የሚባል ሌላ የአሜሪካ ፋብሪካ ዕቃውን በሙሉ ወደ ፊት አመጣው። ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ የሚያላቅቅ ማግኔትም ጨመረበት፤ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ ያጠፋዋል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም ያደነቅኩት ይህንን ማግኔት ያሰበውን ሰው ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የድሮ መኪኖች ኤሲ ይሠራ የነበረው አር 12 በሚባል ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ሾልኮ ወደ ላይ ሲወጣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከልልንን የኦዞን ንጣፍ ያሳሳል። በዚህ ምክንያት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ እንዲህ ያሉ ጋዞችን ለመቀነስ ተስማሙ። የድሮ መኪና ኤሲ ሲፈታ ጋዙ ወደ አየር አይለቀቅም፤ በማሽን ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።