ቦርከና የሁለት ከተሞችን ቆሻሻ ተሸክሞ ይወርዳል

የኮምቦልቻን የቆሻሻ አያያዝ ችግር ለመረዳት በቅድሚያ የቦርከናን ወንዝ አወራረድ መመልከት ያስፈልጋል። ወንዙ በደሴ በኩል ሲያልፍ በየፈፋው የተጣለውን ደረቅ ቆሻሻ በክረምት ጎርፍ እየተቀበለ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በኮምቦልቻ ደግሞ ለዓመታት የፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባር ጅረቶች አማካኝነት ሲጨመርበት ቆይቷል።

ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው በስባሽ በመሆኑ ተለይቶ ከተሰበሰበ ወደ ኮምፖስት ሊለወጥ ይችላል። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም ግን አይበሰብስም፤ ከወንዙ ደለል ውስጥ ይከማቻል። የፍሳሹ ጉዳት የሚከፋው በበጋ ነው። የወንዙ ውኃ ስለሚቀንስ ፍሳሹን የሚያቀጥነው አይኖርም። ከኮምቦልቻ በታች በሚገኘው የጨፋ ሜዳ አርብቶ አደሮች ሣርና ውኃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰባሰቡትም በዚሁ ወቅት ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ዕቅድ የማዘጋጀቱን ኃላፊነት ለየከተማ አስተዳደሩ ሰጥቶ ነበር። አሠራሩ ለጎዳና ጽዳት ያመች ይሆናል፤ ለቦርከና ግን አይበቃም። ኮምቦልቻ የራሷን ቆሻሻ በሙሉ ብታነሣ እንኳ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ርቃ የምትገኘው ደሴ የጣለችው በቀጣዩ ክረምት በደጇ ያልፋል።