የክረምት ስንቅ፣ የበጋ ዕጣን

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በኮኪት ዙሪያ፣ የዕጣን ዛፍ በጋውን የሚያሳልፈው ቅጠሉን አራግፎ ነው። ልጡ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይንጠለጠላል። ዕጣን የሚወጣው ግን በዚሁ ወቅት ነው፤ ምንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ ልጡ ላጥ ሲደረግ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይልና ነፋስ ሲነካው ይጠጥራል። ቅጠል የሌለው ዛፍ ይህን ከየት ያመጣዋል?

ሥር ከአፈር ውሃና ማዕድን ይስባል፤ ምግብ የሚዘጋጀው ግን በዋናነት በቅጠል ላይ ነው። በቅጠሉ ገጽ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ እያንዳንዷን ቀዳዳ ሁለት ህዋሶች እንደ መዝጊያ ይከፍቷታል፣ ይዘጓታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያ ይገባል፤ ኦክስጅን ይወጣል፤ ውሃም አብሮ ይተናል። ቆላው ሲደርቅ ዛፉ ቅጠሉን የሚጥለው ውሃው እንዳያልቅበት ነው። በክረምት የተሠራው ስኳር በልጡ ቧንቧዎች ወርዶ ግንድ ውስጥ ስታርች ሆኖ ይከማቻል። በጋውን የሚተነፍሰው፣ በኋላም አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ከዚህ ስንቅ ነው። ዕጣኑም በውስጠኛው ልጥ ቦዮች የሚገኝ፣ ከዚያው ካርቦን የተሠራ የቁስል መድፈኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በሁለት የኢትዮጵያ ደኖች 12 ቦታ የቆሰሉ ዛፎችን ካልተነኩት ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ ክረምቱ ሲያበቃም የቆሰሉት ክምችት ያልተነኩትን አልደረሰም። አንድ ክረምት የጎደለውን ለመሙላት አልበቃም ማለት ነው።

«ዕጣን ከጥንት ጀምሮ ሲወጣ ኖሯል፤ ዛፉም ይኸው ቆሟል» የሚል ይኖራል። ዛፉ መቆሙ እውነት ነው፤ ጥያቄው የሚተካው ማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት 23 የዕጣን ዛፍ ሥፍራዎችን መርምሮ፣ ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ወጣት ዛፍ አጥቷል። በዚህ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስም ገምቷል። «ጥፋቱ የከብት፣ የእሳትና የእርሻ ነው» የሚለውም ትክክል ነው፤ ያልቆሰሉ ደኖችም ተተኪ እያጡ ነው። ነገር ግን ከየአቅጣጫው ለተጨነቀ ዛፍ ስንቁን መቀነስ ሸክም መጨመር ነው።

ይልቅ የሚከብደው ሙግት ዕጣን ገቢ ካላስገኘ ደኑ ለሰሊጥና ለማሽላ ይመነጠራል የሚለው ነው። እኔም ዕጣን ማውጣት ይቁም አልልም። ቁስሉ ይቀነስ፤ ዛፉ ተራ እየጠበቀ ዓመት ይረፍ፤ ቡቃያው ከከብትና ከእሳት ይከለል። በበጋ የምንወስደው መጠን፣ በእነዚያ ጥቂት የዝናብ ወራት ቅጠሉ መመለስ ከሚችለው አይብለጥ።